ከሀዋሳ አርባ ምንጭ በባጃጅ፦ አንድ ታንክ ያደርሳል ወይ?

ጥር 6፣ 2017

ነገሩን ያመጣው የእህቴ ባል ነው። አርባ ምንጭ ሴቻ ነው የሚኖሩት፣ እኔ ሀዋሳ ላይ ስድስት ዓመት የነዳኋትን ባጃጅ ልውሰድልህ ብሎኝ በዋጋ ተስማማን፣ ሊብሬዋ ንፁህ ነው፣ ቦሎ አላት፣ የቀረው ማድረስ ብቻ። በጭነት መኪና ላስጭናት ብዬ ሁለት ቦታ ጠየቅኩ፣ የጠሩልኝን ብር ስሰማ ኧረ እሷም እኮ ጎማ አላት ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ነድቼ እንደማመጣት ስነግረው ሳቀብኝ። "ባጃጅ ነው እኮ የያዝከው ወንድሜ፣ ብላቴ ላይ ነዳጅ ጨርሰህ ቁጭ ልትል ነው" አለኝ። ይቺ ቃል ናት እልህ ውስጥ የከተተችኝ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። መንገዱ በሻሸመኔ፣ በሀላባ፣ በሶዶ አድርጎ 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የኔዋ ባለ አራት ምት ናት፣ ያቺ 200 ሲሲ የምትባለው፣ ታንኳ 8 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ በሊትር 34 እና 35 ካልሄደች በአንድ ታንክ አትደርስም ማለት ነው። ተራ ላይ ቆመህ ብትጠይቅ ሁሉም ሾፌር "የኔ በሊትር 35 ትሄዳለች" ይልሃል፣ ለክተህ ታውቃለህ ወይ ስትለው ግን ጓደኛው ነግሮት ነው፣ ጓደኛውም ከሌላ ሰምቶ ነው። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ 30 ነው እያልኩ ሳወራ ነበር፣ አንድ ቀን ግን ለክቼ አላውቅም። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት እለካለሁ፣ የለካሁትንም እዚህ እየፃፍኩ እሄዳለሁ።

አሁን ደግሞ ነዳጁ የሚቀለድበት አይደለም። ከታህሳስ 30፣ 2017 ጀምሮ ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቷል፣ እዚህ የማጓጓዣው ይጨመርበታል፣ ማደያ ሰልፉ ካታከተህና ከጎን በሃይላንድ ልግዛ ካልክማ ዋጋውን የሚወስነው የሻጩ ስሜት ነው።

ጥር 8

ዛሬ መለኪያ አዘጋጀሁ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ገመድ ከተበጠሰ ሁለት ዓመት ሆኖታል (ማን ያየዋል ብዬ ነው የተውኩት፣ አሁን ቆጨኝ)፣ ስለዚህ ርቀቱን በስልክ ጂፒኤስ ነው የምይዘው። ለነዳጁ ደግሞ ከፋርማሲ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ትልቅ ሲሪንጅ ገዛሁና አንድ የሁለት ሊትር ውሃ ጠርሙስ ላይ በየ100 ሚሊ ሊትሩ በማርከር አሰመርኩበት። ሚስቴ አይታኝ "አሁን ደግሞ ሐኪም ሆንክ?" አለች።

አለካኩ ከሙሉ ታንክ እስከ ሙሉ ታንክ ነው። ታንኩን አፉ ድረስ ትሞላለህ፣ ትነዳለህ፣ ተመልሰህ እዛው ቦታ ላይ ታቆማትና እስከዛው ምልክት ድረስ ስንት እንደፈጀብህ እያየህ ትሞላለህ። እዛው ቦታ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ባጃጅ ትንሽ ወደ ጎን ካዘመመች ታንኩ ግማሽ ሊትር ሊዋሽህ ይችላል። እኔ ግቢያችን ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ሦስቱም ጎማ የሚያርፍበትን ቦታ በጠመኔ አስምሬያለሁ።

ሌላ ደግሞ ሪዘርቩን፣ ዋናው ሲያልቅ ቁልፍ አዙረህ የምትከፍተውን መጠባበቂያ፣ ለካሁ። ታንኩን ሙሉ በሙሉ ባዶ አደረግኩት፣ ከዛ በጠርሙሴ እየለካሁ ስሞላና የነዳጅ ቁልፉን እያዞርኩ ስፈትሽ ዋናው መስመር መስጠት የጀመረው 1.4 ሊትር ገደማ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ሞተሯ ተንተፋትፋ ወደ ሪዘርቭ ስታዞረው የቀረህ አንድ ሊትር ተኩል እንኳን አይሞላም።

ጥር 11 ጥምቀት ስለሆነ ሥራ የለም። ታቦት ሸኝቼ መጣሁ፣ ባጃጅ አልነካሁም።

ጥር 13

የመጀመሪያው ልኬት ወጣ። ሁለት ቀን እንደወትሮዬ ሠራሁ፣ ከመናኸሪያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አሞራ ገደል፣ ወደ ታቦር የሚወስድ ኮንትራት፣ ሦስት ሰው ጭኜ አራተኛ አስጠግቼ (አዎ አውቃለሁ)፣ ሰው ስጠብቅ ሞተር ሳላጠፋ። 118 ኪሎ ሜትር፣ 5.4 ሊትር። በሊትር 21.9።

ሃያ አንድ! ደግሜ ደመርኩት፣ ያው ነው። ስድስት ዓመት 30 እያልኩ ሳወራ የነበርኩ ሰውዬ። በዚህ ስሌት ሙሉ ታንክ 175 ኪሎ ሜትር ነው የሚወስደኝ፣ ሶዶን አልፌ ቁልቁለቱን ሳልጨርስ እቆማለሁ። አማቼ ልክ ነበር፣ ግን አሁን አልነግረውም።

ጥር 15

ጋራዥ ዋልኩ። መካኒካችን ትልቅ ሰው ነው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው፣ ከድሮዎቹ ዘይት ከቤንዚን ጋር እየቀላቀልክ ከምትነዳቸው ባለ ሁለት ምቶች ጀምሮ የሚያውቃቸው ነው። ለካሁት ብዬ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሞተሩ አልነበረም፣ "ለመሆኑ ስትገፋት ትሄድልሃለች?" አለኝ። እኔ ካርቡሬተር ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) እያልኩ ስለነበር አልሰማሁትም። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ካንዴላዋን፣ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለዋን፣ ስንፈታ ጫፏ ጥቁር ሆኗል፣ እንደ ጭስ ቤት ጣሪያ፣ በጣት ስትነካው ጥላሸት ይለቃል። ጥቁር ማለት ነዳጅ በዝቶ አየር አንሷል ማለት ነው፣ ደህና የምትቃጠል ሞተር ካንዴላዋ ቡና ዓይነት ነው የሚሆነው፣ ነጭ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ አንሷትና ግላ ነው፣ እሱ ፒስተን ይበላል። የኛ ሀገር ባጃጅ ጥቁር የሚያበዛበት ምክንያት አለው። ካርቡሬተር አየሩ ሲሳሳ አያውቅም፣ ያቺ የናስ ቀዳዳዋ የምታሳልፈውን ያህል ቤንዚን ታሳልፋለች፣ አለቀ። ሀዋሳ ደግሞ 1700 ሜትር ላይ ናት፣ ከባህር ጠረፍ አየሩ ወደ 15 በመቶ የሳሳ ነው። ለቆላ ከተማ የተስተካከለ ቅልቅል እዚህ ሲመጣ ወፍራም ይሆናል። አየሩ ላይ የአቧራ ነገር ጨምርበት፣ የአየር ፊልትሮዬን ስናወጣው ከሱ ውስጥ የወጣው አፈር ጎመን ይበቅልበታል።

የሠራነው፦ አዲስ ካንዴላ፣ አዲስ ፊልትሮ፣ ካርቡሬተሩን ፈቶ ማጠብ፣ ቫልቮቹን በስሷ ብረት መለካትና ማስተካከል፣ ዘይት መቀየር፣ ሚኒሞዋን (ቆማ ስትጠብቅ ሞተሯ የሚዞርበትን) ዝቅ ማድረግ። የቅልቅሏን ብሎን ጋሼ በጆሮው ነው ያስተካከለው፣ ካቻቢቴውን ይዞ ሩብ ዙር ወደዚህ ሩብ ዙር ወደዛ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሞተሯ ድምጿ ሲጠራ "አሁን ተወው" አለ።

ጥር 17

126 ኪሎ ሜትር፣ 5.3 ሊትር፣ በሊትር 23.8። ተሻሽላለች ግን እኔ የጠበቅኩት ይሄን አልነበረም። ያን ሁሉ ብር አውጥቼ በሊትር ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳን አልሞላም።

ጥር 19

ዛሬ አፈርኩ። ጋሼ ጋ ተመልሼ ካርቡሬተሩ ይቀየር ወይ ስለው መልስ አልሰጠኝም፣ ክሪክ አምጥቶ ኋላዋን አነሳትና "አሽከርክር" አለኝ። ቀኙን ጎማ በእጄ ገፋሁት፣ ሁለት ዙር ሄዶ ቆመ፣ ደህና ነው። ግራውን ገፋሁት፣ ሩብ ዙር እንኳን አልሄደም፣ እህ እህ እያለ የፍሬን ሸራው ከበሮው ላይ ሲፋቅ ይሰማል። ቸርኬውን ሲነካው እጁን ሰበሰበ፣ "ና ንካ" አለኝ፣ ነካሁት፣ ገና ሰፈር ዞሬ ነው የመጣሁት ግን ይጠብሳል።

እና ያን ሁሉ ጊዜ ፍሬን ይዤ ነበር የምነዳው። የኋላ ግራ ፍሬን ዘይት የሚገፋት ትንሽዬ ፒስተን በዝገት ተጣብቃ ስትረገጥ ትወጣለች፣ ስትለቀቅ አትመለስም። ይሄ ደግሞ ቀስ እያለ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ አይታወቅህም፣ ባጃጇ አርጅታ ነው ትላለህ፣ ማርሽ አንድ ቀንሰህ ነዳጅ ትጨምርላታለህ። ጋሼ መጀመሪያ ስትገፋት ትሄዳለች ወይ ያለኝ ለዚህ ነበር። ለጥ ያለ ቦታ ላይ ኒውትራል አድርገህ በአንድ እጅ ገፍተህ ካልተንቀሳቀሰች ስለ ካርቡሬተር አታውራ ነው የሚለው።

ፈታን፣ ፒስተኗን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጠብን፣ የፒስተኗን ማሸጊያ ጎማዎች ቀየርን፣ ሸራውን አስተካከልን፣ አየሩን አወጣን። የጎማ ነፋስም ለካሁ፣ የኋላዎቹ 22 እና 25 ፒኤስአይ ነበሩ፣ ሁለቱንም 34 አደረግኳቸው፣ የፊቱን 30። ጎሚስታው "በጣም ደረቀ፣ ደንበኛ ይጮህብሃል" አለኝ፣ ይጩህ።

ጥር 22

131 ኪሎ ሜትር፣ 4.9 ሊትር። በሊትር 26.7!

እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ እዛው መስመር ላይ፣ እነዛው አራት ሰዎች። ከ21.9 ወደ 26.7። በዚያ የ101 ብር ከ47 ሳንቲም የአዲስ አበባ ዋጋ እንኳን ብትመቱት በኪሎ ሜትር ከ4 ብር ከ63 ወደ 3 ብር ከ80 ወርዷል፣ በቀን 120 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ወደ 100 ብር ነው። ይሄን ሳሰላ ስንት ዓመት ስንት መቶ ብር ግራ ጎማ ላይ ሳቃጥል እንደነበር አስቤ እራቴን በደንብ አልበላሁም።

ጥር 25፣ እሁድ

የመንገድ ፈተና። ከተማ ውስጥ የለካሁት ለረጅም መንገድ አይሠራም፣ እዛ መቆም መነሳት የለም ግን ንፋስ አለ። ስለዚህ ከጥቁር ውሃ ኬላ ወጥቼ ሻሸመኔ ደርሼ መመለስ፣ ሁለት ጊዜ፣ ባዶዋን፣ አንዴ በፍጥነት አንዴ በዝግታ። ሻሸመኔ ከሀዋሳ ከፍ ስለምትል መሄድ ብቻውን አይታመንም፣ ደርሶ መልስ ስታደርገው ዳገቱና ቁልቁለቱ ይጣፋል።

ጠዋት በ55 ነዳሁ። ባጃጅ ላይ 55 ማለት ምን እንደሆነ ነድቶ የማያውቅ ሰው አይገባውም፣ ሸራው ይማታል፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል፣ እያንዳንዱ የሚያልፍህ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ወደ ጎን አንዴ ይገፋህና መልሶ ወደራሱ ይስብሃል። 51 ኪሎ ሜትር፣ 2.05 ሊትር። በሊትር 24.9፣ ከከተማው ያነሰ!

ከሰዓት ንፋሱ ሳይነሳ በ40 ነዳሁ፣ በአራተኛ ማርሽ፣ ዳር ይዤ፣ የጎኑን ሸራ ጠቅልዬ አጥብቄ አስሬ። ያው 51 ኪሎ ሜትር፣ 1.6 ሊትር። 31.9።

የባጃጅን ፊት ብታዩት መልሱ እዛው አለ፣ ቁም ሳጥን ነው። የንፋስ ግፊት ደግሞ ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር እኩል አይደለም የሚጨምረው፣ በካሬ ነው፣ ከ40 ወደ 55 ስትሄድ ንፋሱ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይደርሳል፣ 1.9። ያቺ ትንሽዬ ሞተር ደግሞ ጉልበቷን ሁሉ አየር ለመግፋት ነው የምታውለው። ለሁለት ሳምንት ስፈታ ስገጥም ያገኘሁት ወደ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀኝ እጄን ትንሽ ሳላላው ብቻ ደግሞ ሰባት አገኘሁ። ቀርፋፋ እየተባልክ ግን ነው፣ ከኋላዬ ጥሩምባ ሲነፋ የነበረው ሚኒባስ እናቴን ሳይጠራ አልቀረም።

እና 31.9 በ8 ሲባዛ 255። አርባ ምንጭ 20 ኪሎ ሜትር ትቀራለች። ግን ከሶዶ በኋላ ቁልቁለት ነው፣ ሀዋሳ 1700፣ ሶዶ 2000 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ 1285። የመጨረሻው ክፍል ይረዳኛል ብዬ ተስፋ አለኝ።

የካቲት 1

ዝግጅት። ባጃጅ የከተማ ተሽከርካሪ ስለሆነች ዝም ብለህ ክልል አቋርጠህ አትነዳም፣ ባዶዋን ለርክክብ እንደምትሄድ የሚገልፅ ደብዳቤ አሠርቻለሁ፣ ሰው አልጭንም፣ ቢለምነኝም። መንገዱ በአንድ ቀን አራት ክልል ነው፣ ሲዳማ፣ ኦሮሚያ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ስለዚህ ኬላ አይጠፋም።

የያዝኩት፦ ትርፍ ጎማ (ሦስቱም እኩል መጠን ስለሆኑ አንዱ ለሁሉም ይሆናል)፣ ሁለት ካላማዳሪ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ክሪክ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ ገመድ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ፒንሳ፣ ሽቦ። ሽቦ ከሌለ ባጃጅ የለም።

ነዳጅ ለመሙላት ሦስት ሰዓት ከሩብ ተሰለፍኩ፣ ተራዬ ሲደርስ ኔትወርክ የለም ተባለ፣ በቴሌብር ካልሆነ አይቀዳም፣ ሌላ ሃያ ደቂቃ። ማደያው በጠርሙስም በጀሪካንም አይቀዳም፣ ስለዚህ ቤት ገብቼ ከታንኩ 2 ሊትር በጎማ ቱቦ ስቤ ጠርሙስ ውስጥ አደረግኩና ተመልሼ ሌላ ማደያ ተሰለፍኩ። ሁለቱ ሊትር ለክፉ ቀን ነው። ፈተናው ግን በታንኩ ብቻ ነው፣ እስኪያልቅ መንገድ ላይ አልሞላም።

የካቲት 2፣ እሁድ፣ ጉዞ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ወጣሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ጋቢ ለብሼ ነው የምነዳው፣ ከሐይቁ የሚመጣው ጉም ጥቁር ውሃ ድልድይ ላይ ተኝቷል። ሻሸመኔ በ40 ደቂቃ። ከሻሸመኔ ወደ ሀላባ ስትታጠፍ መንገዱ ይረጋጋል፣ ከባድ መኪናው ይቀንሳል፣ በምትኩ ጋሪና ላም ነው።

አጄን አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ የፊት ጎማ ተነፈሰ። መሪው ሲከብደኝ ነው ያወቅኩት፣ በ40 ባልሆን ኖሮ ባለ ሦስት ጎማ የፊቱ ሲተነፍስ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ምስማር ነው፣ የፈረስ ጫማ ምስማር፣ አጭር፣ ራሱ አራት ማዕዘን። ሁለት ልጆች በግ እየጠበቁ ነበር፣ መጥተው ክሪኩን ማን ያሽከረክር ተጣሉ፣ በተራ ሰጠኋቸው። 25 ደቂቃ።

ሀላባ ቁሊቶ ስደርስ ስልኩ 89 ኪሎ ሜትር ይላል። ብላቴ ወንዝ ላይ አቁሜ ለአማቼ ፎቶ ላኩለት፣ "ብላቴ ላይ ቁጭ ብያለሁ" ብዬ። መልስ አልሰጠም፣ ቤተ ክርስቲያን ነው መሰለኝ።

ከሀላባ በሾኔ ወደ ቦዲቲ ያለው ነው የሚያደክመው፣ ዳገቱ ሃይለኛ አይደለም ግን አያልቅም፣ ረዥም ሆኖ እየተነሳ ነው የሚሄደው፣ በአራተኛ ትጀምርና ሞተሯ ማጉረምረም ስትጀምር ወደ ሦስተኛ ትወርዳለህ። እዚህ ላይ ብዙ ሾፌር የሚሳሳተው በአራተኛ ሙጭጭ ብሎ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ መያዙ ነው፣ ማርሽ አልቀነስኩም ነዳጅ ቆጠብኩ ይላል፣ ግን ሞተሯ እየታፈነች ነው፣ ወፍራም ቅልቅል እየጠጣች፣ በዛ ላይ የምትቀዘቅዘው በራሷ ፋን ስለሆነ ዙሯ ሲወርድ አየሩም ይቀንስባታል። ሦስተኛ፣ ግማሽ እጀታ፣ 30፣ ትዕግሥት። ቦዲቲ ላይ አሥር ደቂቃ አሳረፍኳት።

ሶዶ 157 ኪሎ ሜትር ላይ ገባሁ፣ ዳሞታ ራሱን በደመና ጠቅልሏል። ነገ ነነዌ ስለሚገባ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ግጥም ብሏል፣ ለሦስት ቀን የሚሰናበት ሕዝብ። ወላይታ መጥቶ ቁርጥ ያልበላ እንዳልመጣ ነው ብዬ ግማሽ ኪሎ በዳጣ አዘዝኩ። ዳጣው እንባዬን አመጣው። አሳላፊው ልጅ ከየት ነህ አለኝ፣ ከሀዋሳ በባጃጅ ስለው ወጥቶ አይቷት ተመለሰና "ይቺ?" አለ።

እዚህ ጋ በጠርሙስና በሲሪንጅ አልለካሁም፣ ታንኩ ውስጥ ንፁህ ዘንግ ነከርኩና አየሁት፣ ቤት ካደረግኩት ምልክት ጋር ሳስተያየው 5.3 ሊትር አካባቢ ሄዷል። ወደ 29.6 ማለት ነው። ዳገቱን ሳስብ አልከፋኝም።

ከሶዶ ወደ ሁምቦ ቁልቁለት ነው። ሞተር አጥፍቼ ኒውትራል ልልቀቃት የሚል ሰይጣን መጣብኝ፣ እውነቴን ነው፣ ብዙ ልጆች ያደርጉታል። አላደረግኩም። በሦስተኛ ማርሽ እጄን ለቅቄ ሞተሯ ራሷ እንድትይዘኝ አደረግኩ፣ እንደዛም ሆኖ በቤንዚን ብዙ አትጎዳም፣ በፍሬን ብቻ ያንን ቁልቁለት ብወርድ ግን ያ የታጠበው ፒስተን እንደገና ሊጣበቅብኝ ይችል ነበር።

ሁምቦ ጠበላን አልፌ ሙቀቱ ሲመጣ ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ያኔ ነው ሽታ የሸተተኝ። ቤንዚን። አቆምኩ። ያቺ የሁለት ሊትር ጠርሙስ ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ ነው ያስቀመጥኳት፣ እንዳትወድቅ ጨርቅ ጠቅልዬ ሸጉጬ፣ እና ከስሯ ምን አለ? ሞተሩ። ከታች እየተጠበሰች፣ ከላይ ቆላ፣ ጠርሙሷ ተነፋፍታ ስሯ ክብ ሆኖ መቆም እንኳን አትችልም፣ ክዳኗ ዙሪያውን አልቧታል። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ስፈታው ፍስስስ አለ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ስድስት ዓመት ሾፌር ነኝ የምል ሰው ቤንዚን ሞተር ላይ አስቀምጬ 170 ኪሎ ሜትር መጣሁ። ማንንም የምወቅስበት የለም። ጠርሙሷን አስተንፍሼ፣ ፊት ለፊት እግሬ ሥር ንፋስ የሚመታት ቦታ አሰርኳት፣ እና እስክደርስ በየአሥር ደቂቃው ነው ያየኋት። ይሄን የምታነቡ ሾፌሮች፣ ከቻላችሁ ጭራሽ አትያዙ፣ ከያዛችሁም የብረት ጀሪካን፣ አፉ ድረስ ሳትሞሉት።

ከዛ በኋላ ያለው መንገድ ግን ምን ልበላችሁ። አባያ በግራ ይወጣል፣ ውሃው ቀይ ቡኒ ነው፣ የሸክላ አፈር የተበጠበጠበት ይመስላል፣ ምዕራብ አባያ ላይ ሙዝ እንደ አጥር ግራና ቀኝ ነው። ብርብር ሳልደርስ 203 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሯ አንዴ አነቀች፣ ሁለቴ፣ ቁልፉን ወደ ሪዘርቭ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር ነው የቆጠርኩት፣ 210፣ 220፣ 230፣ ንፋሱ ከሐይቁ በኩል ጎኔን እየመታኝ፣ 35 ላይ፣ ብስክሌት የያዘ ልጅ ቁልቁለት ላይ አለፈኝ።

ላንቴ ሳልገባ 249 ላይ አለቀች። ዝም። የመንገዱ ዳር አንዲት ልጅ ሙዝና ማንጎ ትሸጣለች፣ "ጋሼ፣ ተበላሸ?" አለችኝ፣ "አይ አለቀ" አልኳት፣ "ምኑ?" ስትለኝ ሳቄ መጣ። እዛው ጠርሙሴን ገለበጥኩ፣ ግማሽ እጅ ሙዝ ገዛሁ፣ በላሁ፣ ተነሳሁ።

የአርባ ምንጭ የታችኛው ሰፈር ሲቀላ ደረስኩ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ። አማቼ በር ላይ ቆሟል። በ276 ኪሎ ሜትር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሃያ። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ነዳጅ አላለቀብህም?" ነው። "አልቆብኛል" አልኩት።

የካቲት 3

ጠዋት ታንኩ ውስጥ የቀረውን ቀድቼ ለካሁ፣ 1.2 ሊትር ወጣ። 8 እና 2 ገብቶ 1.2 ቀረ፣ የተቃጠለው 8.8 ሊትር ነው። 276 በ8.8፣ በሊትር 31.4። ስለዚህ መልሱ አያደርስም ነው፣ ሊትር ላልሞላ ነገር። 27 ኪሎ ሜትር ቀራት። ጎማው ባይተነፍስ፣ ከሐይቁ የመጣው የጎን ንፋስ ባይኖር፣ ወይ የሴቻን ዳገት ትተን ሲቀላ ላይ ቢለካ እንኳን አትደርስም፣ ደጋግሜ ደምሬዋለሁ። የመንገዱን ሁሉ 40 ሳይሆን 35 ብነዳስ? ምናልባት፣ ግን እኔን ከመንገዱ በፊት ወገቤ ይጨርሰኝ ነበር።

የተቃጠለ ዘይትም አየሁ፣ በመለኪያዋ ምልክት ትንሽ ነው የወረደው። ካንዴላዋን ፈትቼ አየሁ፣ ቡና ዓይነት። ለጋሼ ፎቶውን ላኩለት፣ አውራ ጣት መለሰልኝ።

ቁልፉን ሰጥቼ በሚኒባስ ተመለስኩ። ከሀዋሳ ስወጣ ቀኑን ሙሉ ከምሳ ጋር ያለፈብኝ መንገድ በመስኮት በእንቅልፍ አለቀ።

የካቲት 14

አማቼ ደወለ። "ዋሽተኸኛል፣ 31 ነው ያልከኝ፣ እኔ ለካሁት፣ 18 ነው የምትሰጠኝ" አለ። መጀመሪያ ሲቀላ ሴቻ ዳገቱን በቀን አሥራ አምስት ጊዜ አራት ሰው ጭነህ ወጥተህ 31 ፈለግክ እንዴ አልኩት። ተቆጣ። ከዛ ግን 18 በዛብኝ፣ ዳገትም ቢሆን። "እስቲ ሂድና ኋላዋን በክሪክ አንሳት፣ ጎማዎቹን በእጅህ አሽከርክርና ደውልልኝ" አልኩት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደወለ። ሁለቱም አይዞሩም አለ። "ሁለቱም?" አልኩት። ዝም አለ። ከዛ ቀስ ብሎ፣ "እዚህ ሁሉም ቦታ ዳገት ስለሆነ ስቆም የእጅ ፍሬን ነው የምይዘው" አለ፣ "ስነሳ ሙሉ ለሙሉ ሳላወርደው ነው መሰለኝ የምሄደው።"